እስከ ፍካት

ይህ ነገር የሆነው አሮጌው ንጉሥ በነገሡ ከአሥራ ሰባተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በግቢው አቆጣጠር ግን ሁሉም የሆነው በአንድ ክረምት ውስጥ ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች እንዴት እንደተለያዩ ሳላስረዳ ብቀጥል አንባቢ አእምሮዬ የዞረ ሊመስለው ይችላልና፣ አስቀድሜ የአገሪቱን ሥርዓት እናገራለሁ።

በዚያች አገር ክረምት የሚወጣው ዝናብ ሲያቆም አይደለም። ክረምት የሚወጣው በንጉሡ ግቢ፣ ከእልፍኙ በስተጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ የቆመው ቁጥቋጦ ነጭ አበባውን ሲያፈካ ነው። ቁጥቋጦውን የመጀመሪያው ንጉሥ ከባሕር ማዶ አስመጥተው በገዛ እጃቸው እንደተከሉት ይነገራል። ስም አልነበረውም፤ ሰዉ «የግቢው ነጭ» ይለው ነበር። ዝናቡ በሚያባራበት ሰሞን ሳያዛንፍ ይፈካ ስለነበር፣ እኒያ ንጉሥ አበባውን ባዩ ማግስት ነጋሪት አስጎስመው መንገድ ይከፍታሉ፣ ችሎት ያስችላሉ፣ ሠርግ ይፈቅዳሉ፣ እስረኛ ይፈታሉ። ብልህ ሥርዓት ነበር፤ ንጉሥ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ እንዲመለከት ያስገድዳል። ወራሾቻቸው ግን ሥርዓቱን እንዳለ ይዘው መስኮቱን ዘጉት፤ አበባውን የማየቱን ሥራም ለሹማምንት ሰጡት።

መዘዙ የመጣው በአሥራ ስድስተኛው ዓመት ከፈኩት አበቦች አንዱ በቅጠሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይዞ በመገኘቱ ነው። በዚያው ሰሞን የንጉሡ እናት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ከዘጠና በላይ እንደነበረና አልጋ ላይ ከወደቁ እንደቆዩ የማያውቅ አልነበረም፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ግን አበባው ነው። ስለዚህ ማንኛውም እምቡጥ ከመፍካቱ በፊት ውስጡ ነጭ መሆኑ እንዲረጋገጥ ታወጀ። የፍካት ሹም የሚባል ባለሥልጣን ተሾመ፤ ከሥሩ የእምቡጥ መርማሪዎች፣ ከመርማሪዎቹም ሥር ወስፌ ያዦች ተመደቡ። ወስፌ ያዡ ከቀንድ በተሠራ ወስፌ እምቡጡን በስሱ ይከፍተዋል፤ መርማሪው አጎንብሶ ያያል፤ «ነጭ ነው» ይላል፤ ወስፌ ያዡም መልሶ ይዘጋዋል። በማግስቱ እምቡጡ ጠቁሮ ይረግፋል። የፍካት ሹሙም ወደ ንጉሡ ቀርቦ፣ እምቡጦቹ በሙሉ እንከን የለሽ ነጭ መሆናቸውን፣ ፍካቱ ግን ገና መሆኑን ያስታውቃል።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ወስፌው እንደሚገድለው የሚነግራቸው ሰው ጠፋ ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልጠፋም። ሁሉም ያውቃል። ወስፌ ያዡ ያውቃል፤ መርማሪው ያውቃል፤ የፍካት ሹሙ አዛዥ ይርዳው ራሱ ምሳ ላይ ሲያወራው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«የተከፈተ እምቡጥ ይሞታል፤ ይህ የታወቀ ነው» ይል ነበር። «ካልተከፈተ ግን ነጭ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የፌዝ ምልክት አልነበረም። መልስ የሌለው ጥልቅ ጥያቄ ያገኘ ሰው ኩራት ነበረበት። እኔ በዚያ ዘመን የደጅ ጠኚዎችን አቤቱታ ለሹማምንቱ የማሰማ ሰው ስለነበርኩ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ትዕግሥቴን ይፈታተነው ነበር።

ክረምቱ በአዋጅ ስላልወጣ ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ ገሳ መልበስ ነበረበት። ገሳ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ መከላከያ መሆኑን የዛሬ ከተሜ ባያውቅ አልፈርድበትም። ድንጋይ በሚግልበት ቀትር ደጅ ጠኚው ከነገሳው ግንቡ ሥር ተኮልኩሎ ሲታይ፣ ግቢው ክምር የተደረደረበት አውድማ ይመስል ነበር። ሰላምታውም ሥርዓት ወጥቶለት ነበር። ሹሙ «ዝናቡ እንዴት ይዞሃል?» ይላል። ባለጉዳዩ ላቡን በክንዱ እየጠረገ «ተመስገን፣ ዛሬስ ጋብ ብሎልናል» ይላል። ከደጅ ጠኚዎቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ፣ የዘንድሮው ዝናብ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚዘንበው እያለ ባልንጀሮቹን ሲያስቃቸው ይውላል፤ ዘቡ ወደእነሱ ሲዞር ሁሉም አንገታቸውን ገሳቸው ውስጥ ይቀብራሉ።

ገበሬው መብላት ስላለበት ያጭዳል፤ ማጨዱን ግን «አረም» ይለዋል። መውቃቱንም «እህል ከዝናብ ማሸሽ» ይለዋል። በክረምት ግብር አይሰበሰብምና ግብር ሰብሳቢው ዘመድ ለመጠየቅ የመጣ መስሎ ይመጣል፤ ሲመለስ አህያዎቹ ተጭነው ነው። እንዲህ እያለ አገሩ ለሁሉም ነገር ሌላ ስም እያወጣ ይኖር ነበር። ስም ተለውጦላቸው ሊታለፉ ያልቻሉ ሁለት ነገሮች ብቻ ቀሩ፤ ሠርግና እስር ቤት። ያልተሞሸረችን ሙሽራ፣ ያልተፈታንም እስረኛ ምንም ብለህ ብትጠራቸው ካሉበት አይነቃነቁም።

ከግንቡ ውጭ ደግሞ፣ ይህ ነው አንጀት የሚያሳርረው፣ አገሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ዝናቡ ባባራ ቁጥር አጋሙ በየአጥሩ ሥር ይፈካል፤ ጠንበለሉ በየዋርካው ላይ ተንጠላጥሎ ሽታው መንገደኛ ያቆማል፤ ግራዋው በንብ ተሸፍኖ ይጮኻል፤ ከከተማው በላይ ባለው ተረተር ላይ ያለው የባቄላ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ቡቱቶ ነጠላ ያሰጡበት ይመስላል። ማንም ሳይመረምረው፣ ማንም ሳይፈቅድለት።

ጫንያለው የሚባል ገበሬ በዚያ ተረተር ላይ ባቄላ ይዘራ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥቢው ከገባ በኋላ፣ በድንበር ጉዳይ አቤት ለማለት ወደ ግቢ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ ውሎ፣ ቀትር ላይ ገሳውን አውልቆ ግንቡ ላይ ሰቀለው። ዘቡ እንዲለብስ አዘዘው። ጫንያለው ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ለማን ብዬ?» አለ። በእነዚህ ሁለት ቃላት ክረምትን በመናቅ ወንጀል ተከሰሰ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። በሕጉ ውስጥ ካሉት ቅጣቶች ሁሉ የቀለለውን ፈረዱበት፤ እስከ ፍካት ይታሰር አሉ። እንዲያውም ከችሎት ሲነሡ ትከሻውን መታ አድርገው፣ እምቡጡ ዘንድሮ በዝቷልና ከወር እንደማያልፍ ነገሩት። ለከባድ ወንጀል «አምስት ዓመት» ወይም «አሥር ዓመት» የተፈረደባቸው ሰዎች በዚያን ቀን ጫንያለውን በቅናት ነው ያዩት። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ጨርሰው ወጥተዋል።

እስር ቤቱ ግማሹ ከመሬት በታች ነው። ለእስረኛ ከሚደረጉት ቸርነቶች አንዱ ፀሐይ መሞቅ ነበር፤ ዘቦቹ በየማለዳው ወደ ግቢው እያወጡ ጥቂት ያቆዩአቸዋል። በክረምት ግን እስረኛው ዝናብ እንዳይመታው ከቤት አይወጣም ይላል ሥርዓቱ። ስለዚህ «እስከ ፍካት» የተፈረደባቸው ሁሉ፣ በርኅራኄ፣ ሁለት በጋ ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ ቆዩ። በሁለተኛው ዓመት የጫንያለው እግር አበጠ። በሦስተኛው ድዱ መድማት ጀመረ፤ ቆሞ መሄድ ግድግዳ የሚያስይዘው ሆነ። የእስር ቤቱ ወጌሻ ምን እንደሚሻለው ተጠይቆ፣ ፀሐይ ቢያገኝ ይድናል፣ ክረምቱ እንደወጣ ያገኛል አለ።

ሚስቱ እመት አንጓች ትባላለች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ነገር የማትደጋግም ሴት ናት። ስንቅ የምታቀብለው ክንድ ብቻ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ስለነበር፣ የባሏን እጅ እንጂ ፊቱን ማየት ከቀረች ቆይታለች። ያ እጅ እየነጣ መሄዱን ግን ታያለች። በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቢ ላይ፣ በቀዳዳው እንዲህ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ባቄላው እንዴት ነው?» አላት።

«አብቧል።»

«ነጭ?»

«ጥቁር ዓይኑን ይዞ ነጭ።»

«እንግዲያስ ወጥቷላ ክረምቱ።»

«ለባቄላው ወጥቷል» አለችና ቅልዋን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ያበበ የባቄላ ግንድ ከነሥሩ ነቅላ፣ ገሳዋን ለብሳ፣ አዛዥ ይርዳው ፊት ቀረበች። ሰላምታው በወጉ ከተፈጸመ በኋላ አዛዡ የያዘችው ምን እንደሆነ ጠየቃት። ፍካት መሆኑን፣ ክረምቱ ስለመውጣቱ እንዲመሰክርላት እንዳመጣችው ነገረችው። ሰውየው አልሳቀባትም፤ ቢስቅ ኖሮ በተሻለ። ግንዱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ይዞ፣ እያንዳንዱን አበባ በጥንቃቄ ካየ በኋላ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ስላለው ነጭ ሊባል እንደማይችል አስረዳት። ሕጉ የሚለው ነጭ ነው።

ሌላ ቀን ግራዋ ይዛ መጣች። ነጭነቱ አልተካደም፤ ዛፉ ግን መራራ ነው፤ የመራራ ዛፍ ምስክርነት በንጉሥ ፊት አይቀርብም ተባለች። ጠንበለል አመጣች፤ በራሱ እንደማይቆም፣ በሌላ ዛፍ ተደግፎ እንደሚያድግ፣ ስለዚህም ቃሉ የራሱ ይሁን የደገፈው ዛፍ መለየት እንደማይቻል ተገለጸላት። የእንዶድ አበባ ይዛ ስትመጣ አዛዡ ጥቂት አሰበና፣ እንዶድ የልብስ ማጠቢያ ነውና ነጭነቱ ከሥራው የመጣ እንጂ የወቅቱ ምልክት አይደለም አላት። አጋሙ ላይ ሲደርሱ ደጅ ጠኚው ሁሉ ሥራዬ ብሎ ምክንያቱን ለመስማት ተጠጋ።

«የአጋም ፍሬ ጥቁር ነው» አለ አዛዡ። «ዛሬ ነጭ ይልና ነገ ሐሳቡን ይለውጣል። እንዲህ ያለ ተክል እንዴት ይታመናል?»

እመት አንጓች አጋሙን መልሳ እቅፏ ውስጥ አስገባችው።

«ጌታዬ፣ እኔ ጠባያቸውን አላመጣሁልዎትም» አለችው። «አበባቸውን ነው ያመጣሁት።»

ያ ቀልደኛ ሽማግሌ ገሳው ውስጥ ሆኖ ሲንፈቀፈቅ ሣሩ ሲርገፈገፍ ታየኝ።

ከዚህ በኋላ ምስክር ማምጣቱን ትታ ልመናዋን ለወጠች። ከእነዚያ ሁሉ እምቡጦች አንዱን ብቻ ሳይነኩ እንዲተዉላት፣ እሷ ራሷ ከሥሩ ቆማ እንደምትጠብቀው፣ ቀይ ሆኖ ቢገኝ በባሏ ላይ ሌላ እስራት እንደምትቀበል አመለከተች። አቤቱታዋን ያሰማሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ የበለጠ ግልጽ አቤቱታ አሰምቼ አላውቅም። ሸንጎው ለጉዳዩ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ የጥንቱን ሥርዓት የሚጠቅሱም፣ ስለ ርኅራኄ የሚናገሩም ነበሩ። በመጨረሻ ፈቀዱላት። ፈቃዱ አንድ ግዴታ ብቻ ነበረበት፤ ሳይመረመር የሚቀረው እምቡጥ፣ ሳይመረመር ቢቀር ጉዳት የማያመጣ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

አንባቢ የቀረውን መገመት ይችላል። እምቡጡ ተመረጠ፤ ተከፈተ፤ ከዚህ በፊት ከተከፈቱት ሁሉ የነጣ ሆኖ ተገኘ፤ ተዘጋ፤ በቀይ ክርም ምልክት ተደረገበት። በማግስቱ ረገፈ። አዛዥ ይርዳው ይህን ሲነግራት ከልቡ አዝኖ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስቆጣኝም ይኸው ማዘኑ ነው።

«አይዞሽ» አላት፤ «ፈቃዱ እንደሆነ አሁንም አልተሻረም።»

እመት አንጓች ከበሩ ስትወጣ ገሳዋን አውልቃ ለዘቡ ሰጠችው፤ ዘቡም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ይዞት ቆመ።

ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር፤ ግን የንጉሡ ልጅ ለጎረቤት አገር ንጉሥ ልጅ ታጭታ ነበር። ክረምቱ አልወጣምና ሠርግ የለም፤ እጮኛዋም መጠበቅ ሰልችቶት ነበር። በዚያ ዓመት የአባቱ መልእክተኞች መጥተው፣ በአገራቸው ክረምት በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚወጣ፣ በዚህ ጥቢ ሠርጉ ካልሆነ ልጃቸው ሌላ እንደሚፈልግ በትሕትና ተናገሩ። ያኔ ንጉሡ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አበባው የማይፈካው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በእልፍኙ ውስጥ መልሱን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የተናገረ ግን የለም። ንጉሡም «እስከ እሑድ ይፍካ» ብለው ተነሡ።

እሑድ ፈካ። የግቢው ፈታዮችና ጥልፍ ሠሪዎች ሌት ተቀን ሠርተው፣ ባለ አምስት ቅጠል አበቦችን ከጥጥ አበጅተው ቁጥቋጦው ላይ ሰፏቸው። ነጋሪት ተጎሰመ፤ ክረምት ወጣ ተባለ፤ ገሳ የለበሰ ይቀጣል የሚል አዋጅ ተጨመረ። ሕዝቡ ገመድ ተወጥሮ ከሩቅ እንዲያይ ተፈቀደለት። ያምር ነበር፤ መዋሸት አልችልም። ንብ ብቻ አልመጣበትም።

በዚያው ቀን እመት አንጓች የባሏን ቅርንጫፍ ልትወስድ መጣች። ይህም ሥርዓት ነው፤ እስከ ፍካት የተፈረደበት እስረኛ ሲፈታ ከፈካው ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ይሰጠዋል፤ እሱን ይዞ ወደ እስር ቤቱ በር ይወጣል። በበሩ ላይ አሽታች የሚባል ባለሥልጣን አለ። በጥንት ጊዜ አንድ እስረኛ ከጨርቅ አበባ ሠርቶ አምልጦ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተሽትቶ እውነተኛ አበባ መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም አይወጣም። ሹማምንት ጣልቃ እንዳይገቡበትም የአሽታቹ ቃል የመጨረሻ ነው ተብሎ ተደንግጓል። ሹመቱ በዘር የሚወረስ ነው፤ በዚያን ጊዜ የያዘው አያ ሙጬ የሚባል፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ኩሩና ዝምተኛ ሰው ነበር። አባቱ የሞቱት ፍካት በቀረበት በመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ፣ እሱ በሹመቱ ላይ ሳለ አንድም አበባ አልቀረበለትም።

አዛዥ ይርዳው ቅርንጫፍ ስትጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ። የጥጥ አበባ ቀንጥሶ ወደ አሽታች መላክ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል።

«ለሠርግ ፈክቷል» አላት። «ለመቀንጠስ ግን ገና ነው።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በሚቀጥለው ፍካት።»

ወደ ቁጥቋጦው በገመዱ በላይ አየች። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ አዋቂነት አያስፈልግም፤ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል፤ ለመናገር ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ወደ አዛዡ ጠጋ ብላ፣ እኔና እሱ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «ጥሩ ፈታይ ነው የፈተለው» አለችው። ከዚያ እጅ ነሥታ ወጣች። አዛዡ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሠርጉ በተጀመረ ማግስት፣ ማለዳ፣ ከእስር ቤቱ በር ላይ ጫጫታ ሰምቼ ወረድኩ። እመት አንጓች እስከ ፍካት የተፈረደባቸውን ሰዎች ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች አስከትላ መጥታ ነበር። ሁሉም ያበበ የቀጋ ቅርንጫፍ ታቅፈዋል፤ እጃቸው በእሾሁ ተቧጭሮ ደም ይታይበታል። የቀጋ አበባ ነጭ ነው፣ ባለ አምስት ቅጠል ነው። ቅርንጫፎቹን በስንቅ ማቀበያው ቀዳዳ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አሳለፏቸው። ዘቦቹ አልከለከሉም፤ ክረምት ወጥቷል፣ አዋጁ እስረኞቹን ይፍቱ ይላል፣ የሚጎድል ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። በሩ ተከፈተ። እስረኞቹ በእጃቸው ነጭ አበባ ይዘው በአሽታቹ ፊት ተሰለፉ። ጫንያለው ሁለት ሰው ደግፎት ከኋላ ነበር፤ ከበሩ ጥላ ገና አልወጣም።

አዛዥ ይርዳው የሠርግ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ ደረሰ።

«ይህ የግቢው አበባ አይደለም» አለ። «ይህ የዱር ቀጋ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እመት አንጓች ተመለከቱ። እሷ አልቸኮለችም።

«ጌታዬ፣ እኔ አላዋቂ ነኝ» አለችው። «ልዩነቱን እንዳውቀው አንድ አበባ ከግቢው ቀንጥሰው ያምጡና እዚህ አጠገቡ ይያዙልኝ። አያ ሙጬም ሁለቱን ያሽትቱ።»

አዛዡ ወደ ግቢው ቀና ብሎ አየ። ከበላይ በኩል የሠርጉ ከበሮ ይሰማል። ቀልደኛው ሽማግሌም ከሕዝቡ መካከል ነበር፤ አዛዡ ሮጦ ቢያመጣ እኛም እንጠብቀዋለን፣ ደጅ መጥናት ለምደናል አለ። ሰዉ ሳቀ።

አዛዡ ወደ አሽታቹ ዞረ። «ሙጬ» አለው በቀስታ፣ «አባትህን ያሾማቸው አፍንጫቸው ነው። አስብበት።»

«እኔንም የሾመኝ እሱ ነው፣ አዛዥ» አለ አያ ሙጬ።

ከመጀመሪያው እስረኛ እጅ ቅርንጫፉን ተቀበለ። ዓይኑን ጨፍኖ አበባውን ወደ ፊቱ አስጠጋ፤ ረጅም ጊዜ ቆየ። አያ ሙጬ ዓይኑን ገለጠና «የግቢው ነው» አለ።

ሁለተኛውን አሸተተ። «የግቢው ነው።» ሦስተኛውንም እንዲሁ። አንዱንም አላቻኮለም፤ ለእያንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይቆያል፣ ያንኑ ቃል ይናገራል። ጫንያለው ላይ ሲደርስ እጁን ከሥር ደግፎ ያዘለትና አሸተተ። «ይህም የግቢው ነው። ይለፍ።»

ጫንያለው ከጥላው ሲወጣ ብርሃኑ ዓይኑን መታውና ፊቱን በአበባው ጋረደ። ፊቱን ስታይ እመት አንጓች ለጥቂት ጊዜ ያላወቀችው መሰለኝ፤ ጢሙ ሸብቷል፣ ቆዳው የሰም ያህል ገርጥቷል። ከዚያ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ወሰደችው። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር።

«አባራ እንዴ?» ሲላት ሰማሁት።

«ተወኝ እስቲ» አለችው፤ ሲያለቅሱ የሚወጣ ሳቅ ነበር ድምፅዋ ውስጥ። «እግርህን እያየህ ሂድ።»

በዚያው ሳምንት አዛዥ ይርዳው ፍካቱን በወቅቱ ስላስፈጸመ፣ እስረኞቹንም በሥርዓቱ ስላስፈታ ካባ ተሸለመ። ካባውን ሲቀበል ያደረገውን ንግግር ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። የጥጡ አበባ እስከሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ድረስ በቁጥቋጦው ላይ ቆየ። ጫንያለው ከሁለት ወር ፀሐይ በኋላ ያለ ምርኩዝ ቆመ፤ ግቢ ግን ዳግመኛ አልመጣም፤ ድንበሩንም የገፋበት ሰው እንደገፋ ቀረ።

አያ ሙጬ ሹመቱን እንደያዘ አርጅቶ ሞተ። እኔ ያን አገር ለቅቄ ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ያረፈው በአጋጣሚ ለሌላ ጉዳይ ተመልሼ ሳለሁ ስለነበር ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ታላቅ እህቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ስለ ወንድሟ አፍንጫ ከአገር አገር የሚወራውን እያነሣሁ ላጽናናት ሞከርኩ። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ በቤተሰቡ ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ነገረችኝ። አያ ሙጬ በልጅነቱ ፈንጣጣ ከያዘው ጀምሮ እንኳን አበባ፣ የሚቃጠል ቤት እንኳ አይሸተውም ነበር።